«ልጄ ሳያውቅ ጫንልኝ»፦ ስለ ስልክ መቆጣጠሪያ አፕ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ የቻርጅ መሰኪያ አስተካክላለሁ፣ ፓስዎርድ ለጠፋባቸው አካውንት እከፍታለሁ። ክረምት ሲገባ ግን የሥራዬ ዓይነት ይቀየራል። ትምህርት ቤት ይዘጋል። ዝናቡና ብርዱ ልጆቹን ቤት ያውላቸዋል። ስልኩም አብሯቸው ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። ያኔ ወላጆች ይመጣሉ። «ልጄን የምቆጣጠርበት አፕ ጫንልኝ» ይላሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጨምራሉ፦ «ሳያውቅ ግን።»

የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች ከዓመት ዓመት ብዙም አይለያዩም። በየቀኑ ከምለፈልፍ ብዬ ጻፍኳቸው።

«ካልተደበቀ ምን ይጠቅማል?»

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የጎግል ፕሌይ ስቶር የልጆች መከታተያ አፕን አይከለክልም። የሚከለክለው መደበቅን ነው። አፑ እስከሠራ ድረስ ስልኩ ላይ ዘወትር የሚታይ ማሳወቂያ ሊኖረው ይገባል። ሌላ ነገር መስሎ መቅረብም አይፈቀድለትም። ስለዚህ «ማንም አያየውም» እየተባለ የሚሸጠው አፕ እዚያ ቦታ የለውም። የሚመጣው በጓሮ በር ነው፤ ከድረ ገጽ ወይም ከቴሌግራም ቻናል በሚወርድ ኤፒኬ፣ ማለትም በአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል።

ሲጫን የሚጠይቀውን ልብ በሉ። መጀመሪያ «ፕሌይ ፕሮቴክትን አጥፋ» ይላል። ፕሌይ ፕሮቴክት የስልኩ ዘበኛ ነው። ቀጥሎ «ካልታወቀ ምንጭ መጫንን ፍቀድ» ይላል። በመጨረሻ የተደራሽነት ፈቃድ ይጠይቃል። ይሄ ፈቃድ የተሰጠው አፕ ስክሪኑ ላይ የሚታየውንም የሚጻፈውንም ማንበብ ይችላል። የሰው የባንክ አፕ የሚያራቁቱ ሌቦችም የሚለምኑት እነዚህኑ ሦስቱን ነው።

የተሰበሰበው መረጃስ የት ይሄዳል? መጀመሪያ የሚያርፈው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ኤምስፓይ የተባለው ስመ ጥር አፕ በፈረንጆቹ 2015፣ ከዚያ በ2018፣ ደግሞ በ2024 መረጃ አፈትልኮበታል። ቲንሺልድ የሚባል አፕ ለወላጆች ይሸጥ የነበረው ሬቲና ኤክስ ደጋግሞ በሰርጎ ገቦች ተዘርፎ፣ በ2019 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሶታል። ስፓይፎን ደግሞ በ2021 ከስለላ አፕ ንግድ ጭራሽ ታግዷል። ልጁን ከማያውቀው ሰው ለመጠበቅ የተነሳ ወላጅ፣ የልጁን ፎቶና መልእክት ለማያውቀው ሰው አስረክቦ ቁጭ ይላል።

አንድ ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ልጅ መጣ። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ስልኩ እንደ ምጣድ ይግላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሳይ የስልኩ ያልሆነ፣ «ሲስተም ሰርቪስ» የሚል ነገር ተቀምጧል። «ይሄን ማን ጫነው?» አልኩት። ዝም አለ። ገብቶታል። «ተወው፣ አታጥፋው» ብሎኝ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አባትየው መጣ። «አፑ እኮ ግሩም ነው፤ ልጁ ከቤት መውጣት ተወ» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ከቤት መውጣት የተወው ስልኩ ነበር። ልጁ ሌላ ስልክ ጓደኛው ጋ አስቀምጧል። ለአባትየው ልንገረው አልንገረው እያልኩ ያን ሌሊት ስገላበጥ አደርኩ።

«ፋሚሊ ሊንክ ከጫንኩ ቴሌግራሙን አነባለሁ»

አያነቡም። ፋሚሊ ሊንክ ጎግል በ2017 ያወጣው የነጻ አፕ ነው። ለአንድሮይድ ተጠቃሚ ወላጅ እኔ መጀመሪያ የማቀርበው እሱን ነው። በቀን ስንት ሰዓት ስልኩን እንደሚጠቀም ይወስናል። ሌሊት ይቆልፋል። ልጁ አዲስ አፕ ሊያወርድ ሲል እናንተን ያስፈቅዳል። ስልኩ ያለበትን ቦታ ያሳያል። መልእክት ግን አያነብም፣ የስልክ ንግግርም አያዳምጥም። በአይፎን ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ስክሪን ታይም የሚባል ተመሳሳይ ነገር አለ። እሱም ሴቲንግ ውስጥ ስላለ የሚጫን ነገር የለም።

አንድ ቀዳዳ ልንገራችሁ። የፋሚሊ ሊንክ የድረ ገጽ ማጣሪያ የሚሠራው ክሮም ላይ ነው። ቴሌግራም ውስጥ የተላከ ሊንክ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ሲከፈት ማጣሪያው አያገኘውም። ቴሌግራም ራሱ የወላጅ መቆጣጠሪያ የለውም። ያለው የግላዊነት ሴቲንግ ነው። «ስልክ ቁጥሬን ማን ያያል» እና «ግሩፕ ውስጥ ማን ያስገባኛል» የሚሉትን ከልጁ ጋር ሆናችሁ «ኮንታክቶቼ ብቻ» አድርጓቸው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በማይታወቅ ግሩፕ ውስጥ ሳያስበው ተጎትቶ መግባትን ይቀንሳል።

ቲክቶክ ከ2020 ጀምሮ የወላጅና የልጅ አካውንት የሚያገናኝበት መንገድ አለው። ግን ዕድሜውን አስበልጦ የተመዘገበ ልጅ ለታዳጊዎች የተሠሩት ጥበቃዎች ያመልጡታል። ስለዚህ መጀመሪያ አካውንቱ ላይ የተሞላውን የልደት ዓመት እዩ። እኔ በ1990 የተወለደ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አይቻለሁ፤ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር።

«የሚከፈልበት ይሻላል»

በዶላር የሚከፈልበት ካርድ ያለው ስንቱ ነው? ስለዚህ ሰው «የተሰበረ» የሚባለውን ነጻ ኮፒ ቴሌግራም ላይ ይፈልጋል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ያንን ኮፒ ማን እንደነካካው፣ ውስጡ ምን እንደጨመረ አይታወቅም። ቤታችሁ ዋይፋይ ካለ ደግሞ ምንም የማይከፈልበት ዘዴ አለ። ራውተሩ ላይ የዲኤንኤስ ቁጥሩን (የድረ ገጽ ስም ሲጻፍ አድራሻውን ፈልጎ የሚሰጠውን አገልግሎት ቁጥር) 1.1.1.3 ማድረግ ነው። ክላውድፍሌር የሚባለው ድርጅት በ2020 ለቤተሰብ ያቀረበው ሲሆን የወሲብ ድረ ገጾችንና ቫይረስ የሚያሰራጩትን ይዘጋል። ልጁ በሞባይል ዳታ ሲጠቀም ግን ይሄ አይሠራም።

«መጥፎ ቃል ሲጻፍ አፑ ይነግረኛል»

በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ምናልባት። ልጆቻችን አማርኛን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት፤ አንዱን ቃል በአምስት ዓይነት። የሰፈሩን አራዳ ቋንቋ እኔም አልከታተለውም፣ እንኳን ካሊፎርኒያ የተሠራ ማጣሪያ።

«የት እንዳለ ሁልጊዜ አያለሁ»

ስልኩ ኢንተርኔት ካለው ነው። ልጁ ፓኬጅ ለመቆጠብ ዳታ ካጠፋ፣ ካርታው ላይ የምታዩት መጨረሻ የታየበትን ቦታ ነው። ልጇ ሸዋ ሮቢት አክስቱ ጋ ሲሄድ ነጥቡ ጣርማበር ላይ ቆመ ብላ እየሮጠች የመጣች እናት አለች። ልጁ ዋሻውን ሲያልፍ ዳታው አልቆበት ነበር። «እትዬ፣ መጀመሪያ ይደውሉለት» አልኳት። ደወለች፣ አነሳው፣ ቆላ ወርዶ ሙዝ እየበላ ነበር።

የሰዓት ገደቡ ግን ከዚህ ይለያል። አንዴ ከተሞላ ኔትወርክ ባይኖርም ስልኩ ላይ ይሠራል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው እናንተ አዲስ ነገር ስትቀይሩ ነው።

«ልጄ የራሱ ስልክ ስለሌለው አያሳስበኝም»

ከመንዝ ወይም ከገጠር ቀበሌዎች ከሚመጡ ወላጆች ይሄን እሰማለሁ። እኔ ግን ይበልጥ የምፈራው እዚህ ጋ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ነው ያለው። በእሱ ቴሌብር አለ፣ የባንክ አፕ አለ፣ የእድር ገንዘብ ይላክበታል። ያንኑ ስልክ ማታ ልጁ ጌም ይጫወትበታል። ፋሚሊ ሊንክ ለእናትየው አካውንት የተሠራ አይደለም።

እዚህ የሚሠራው ሌላ ዘዴ ነው። አብዛኛው አንድሮይድ ስክሪንን አንድ አፕ ላይ ቸክሎ የመያዝ አገልግሎት አለው። ጌሙ ላይ ትቸክሉታላችሁ፤ ሲነቀል መክፈቻ ቁጥር እንዲጠይቅ ካደረጋችሁት ልጁ ያለ ቁጥሩ ከዚያ አይወጣም። አንዳንድ ስልኮች ለእንግዳ የሚሆን ሌላ ክፍል ይከፍታሉ። ከሁሉም በፊት ግን የቴሌብሩ ፒን ከስልኩ መክፈቻ ይለይ። የሁለቱም 1234 የሆነበትን ስልክ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

«ለሚስቴም ይሆናል አይደል?»

በልጅ ጀምረው እዚህ የሚደርሱ ባሎች አሉ፤ ሚስቶችም እንዲሁ። መልሴ አጭር ነው፦ አይሆንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማንኛውንም ሰው የስልክና የደብዳቤ ግንኙነት ይጠብቃል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለ ፈቃድ የሰው ኮምፒዩተር ውስጥ መግባትንና ግንኙነት መጥለፍን በወንጀል ያስቀጣል። ሚስት ልጅ አይደለችም። ሱቄን በዚህ መዝጋት አልፈልግም።

«3 ሰዓት ላይ ዝጋው አልኩት፣ አልሰማኝም»

ይሄ በየሳምንቱ ነው። አፑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የምሽት 3 ሰዓት ለሱ 9 ሰዓት ነው። 3 ብለው የሞሉ ወላጆች ስልኩ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይቆለፍባቸዋል፣ ወይም ልጁ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲያመሽ ያድራል።

አሁን አሁን «ሳያውቅ ጫንልኝ» ሲሉኝ ልጁን ይዘው እንዲመጡ እጠይቃለሁ። ፋሚሊ ሊንክ ሲከፈት የልጁም ስልክ፣ የልጁም ፓስዎርድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ምክንያቴ እውነት ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ፣ ሻይ አዝዤ፣ ሰዓቱን ራሳቸው እንዲነጋገሩበት እተዋቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ አባት 3 ሰዓት አሉ፣ ልጃቸው 4 ሰዓት አለች። ሻዩ ቀዘቀዘ። 3፡30 ላይ ተስማሙ፤ ቅዳሜ ሲቀር። እኔ 9፡30 ብዬ ሞላሁ።