ባዮፕሲው «ካንሰር አልታየም» ሲል

ከቡሬ ወይም ከሞጣ ባሕር ዳር ወርዶ ከቆዳው ናሙና ሰጥቶ (ባዮፕሲ) ያስመረመረ ሰው «ካንሰር አልታየም» የሚል ወረቀት ሲሰጠው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በማይኮሲስ ፈንጎይድስ ግን አላለቀም። ይህ ቲ ሴል ከሚባለው ነጭ የደም ሴል የሚነሳ የቆዳ ካንሰር (ሊምፎማ) ሲጀምር የታመሙት ሴሎች ጥቂት ስለሆኑ በማይክሮስኮፕ ችፌ ይመስላል። ቤታሜታዞን የተባለውን የስቴሮይድ ቅባት ሲቀቡበት ከርመው ከሆነማ ጭራሽ ይደበቃል። ስለዚህ ሐኪሙ ሲፈቅድ ቅባቱን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ማቆም፣ ናሙናውንም ከአንድ በላይ ቦታ መስጠት ነው፤ ጥርጣሬው ካልጠፋ ከወራት በኋላ ይደገማል።

ሕመሙ በጥቁር ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ነጣ ብሎ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቂጥና ጭን ላይ ይወጣል። እኛ ዘንድ ቀድሞ የሚጠረጠረው ጭርት ወይም ሥጋ ደዌ ነው፤ መጠርጠሩም ተገቢ ነው። የሥጋ ደዌው ምልክት በጥጥ ጫፍ ሲነካ ብዙውን ጊዜ አይሰማም፤ ይኸኛው አብዛኛውን ጊዜ ይሰማል።

የታማሚው መዳፍ ከነጣቶቹ የቆዳው 1 በመቶ ግድም ነው። ምልክቱ ከ10 መዳፍ ካነሰ፣ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ወይም በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ የሚሰጥ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ብዙውን ጊዜ ይበቃል። እዚህ ላይ ለኬሞቴራፒ መቸኮል ጉዳት እንጂ ዕድሜ አይጨምርም። 1 ሴንቲ ሜትር የደረሰ እባጭ ወይም ያበጠ ንፍፊት ከታየ ግን ሕክምናው ይለወጣል።