«ዕጩ» ምንድን ነው? ገና ያልታጨውን ለምትድሩ

ባለፈው ማክሰኞ ከመገናኛ ወደ ጣፎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። አያት አደባባይ ሳንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም፣ ከሾፌሩ ሬዲዮ አንድ አስተያየት ሰጪ «የዴሞክራቶቹ የ2028 ዕጩ ጋቪን ኒውሰም ናቸው» ሲል ሰማሁ። ባለፈው ወር ደግሞ ሌላ ሰው በሌላ ጣቢያ፣ በዚያው እርግጠኛ ድምፅ፣ ዕጩዋ ካማላ ሃሪስ እንደሆኑ ነግሮን ነበር። ይህን በምጽፍበት ቀን ሁለቱም ዕጩ አይደሉም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የሚካሄደው ኅዳር 7 ቀን 2028 ነው (የውጭውን ዓመትና ወር ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

የፓርቲዎችን አሠራር እያነጻጸርኩ ማስተማር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ስሰማ ጥርሴን ነክሼ ማለፍ ለምጄ ነበር። ያን ቀን ግን ሳላስበው ጮክ ብዬ «ማን አጫቸው?» አልኩ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «ጋሼ፣ ታዲያ ምን እንበላቸው?» አለኝ። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነበር። ጣፎ ስንደርስ ግን መልሴ ገና ግማሽ ላይ ነበር፤ ተሳፋሪውም ወርዶ አልቋል።

«ዕጩ» ማጨት ከሚለው ግሥ የወጣ ቃል ነው፤ እጮኛም የዚያው ቤት ልጅ ናት። (አንዳንዱ በ«እ»፣ አንዳንዱ በ«ዕ» ይጽፈዋል፤ በዚህ አልጣላም።) አንድ ወጣት ልጅቷን ስለወደዳት ወይም ጎረቤት ቡና ላይ «እነዚህ ሁለቱ ቢጋቡ ያምርባቸው ነበር» ስላለ ታጨች አይባልም። ሽማግሌ ይላካል፤ የልጅቷ ቤተሰብ «እንምከርበት» ብሎ ቀን ይቀጥራል፤ ሽማግሌው ተመልሶ ይሄዳል፤ እሺታው ሲገኝ ያን ጊዜ ታጨች ይባላል። ቃሉ የአንድ ሂደት ውጤት ስም ነው። ምኞትና ግምት የየራሳቸው ስም አላቸው።

ስለዚህ ለሾፌሩ መልሱ ይህ ነው፦ ኒውሰም፣ ሃሪስ፣ ፒት ቡቲጄጅ፣ ጆሽ ሻፒሮ፣ በሪፐብሊካኖቹ በኩል ደግሞ ጄዲ ቫንስና ማርኮ ሩቢዮ «ስማቸው የሚነሳ» ሰዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ተነሥቶ «እወዳደራለሁ» ብሎ ሲያውጅ «ዕጩነት ፈላጊ» ይሆናል። ዕጩ የሚሆነው የፓርቲው ጉባኤ ሲሰይመው ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች፣ ሦስት የተለያዩ ስሞች። አማርኛው አላነሰንም፤ ትዕግሥቱ ነው ያነሰን።

አስተያየት ሰጪው ግን ማስረጃ አለኝ ይላል፤ የሕዝብ አስተያየት ጥናት። «በጥናቱ አንደኛ ናቸውና ዕጩው እሳቸው ናቸው» ነው ክርክሩ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የቁጥር ካባ ደርቧል። ምርጫው ሁለትና ሦስት ዓመት ሲቀረው የሚደረግ ጥናት በአብዛኛው የሚለካው የማን ስም እንደሚታወቅ ነው። በ2007 አብዛኛውን ጊዜ በአገር አቀፍ ጥናቶች የሪፐብሊካኖቹን ሰልፍ የመሩት የቀድሞው የኒው ዮርክ ከንቲባ ሩዲ ጁሊያኒ ነበሩ። ፍሎሪዳን እየጠበቁ የመጀመሪያዎቹን ግዛቶች ችላ አሉ፤ በጥር 2008 እዚያው ፍሎሪዳ ሦስተኛ ወጥተው ተሰናበቱ። ዕጩ የሆኑት ጆን ማኬይን ናቸው። በ2015 ደግሞ ጄብ ቡሽ ጥሎሹን አስቀድመው ከመሩት፤ እሳቸውን የሚደግፈው ኮሚቴ በግማሽ ዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። የካቲት 2016 ከደቡብ ካሮላይና በኋላ ውድድሩን ጥለው ወጡ። ጥሎሽ መከመርና እሺታ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሁሉ ያውቃል።

የአገር አቀፍ ጥናት ሌላም ጉድለት አለው። ፓርቲዎቹ ዕጩ ለመለየት የመራጩን ድምፅ የሚጠይቁበት ቅድመ ምርጫ በአንድ ቀን በአገር ሁሉ አይደረግም፤ ከግዛት ወደ ግዛት እየተከተለ ለወራት ይሄዳል፤ የቀደመው ውጤትም የኋለኛውን መራጭ ልብ ይለውጣል። ጆ ባይደን በ2020 ቀድመው ድምፅ በሰጡት ግዛቶች፣ አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሻየር ላይ አምስተኛ ወጡ። በዚያ ሳምንት ሬዲዮው ቢጠየቅ ኖሮ ቀብሯቸው ነበር። የካቲት 29 ደቡብ ካሮላይናን አሸነፉ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ብዙ ግዛቶች በአንድ ቀን በሚመርጡበት ማክሰኞ ሰልፉን መሩት።

በየግዛቱ የሚቆጠረው ድምፅም የሚመነዘረው በጉባኤው ዕጩውን ወደሚሰይሙ ልዑካን ነው። በእኔ ምሳሌ ልዑካኑ ሽማግሌዎቹ ናቸው፦ መራጩ ለፈላጊው ሽማግሌ ይሰጠዋል፤ የብዙኃኑን ሽማግሌ የያዘ ፈላጊ ከፓርቲው ቤት እሺታ ያገኛል። በ2024 የሪፐብሊካኖቹ ጉባኤ 2,429 ልዑካን ስለነበሩት ዕጩ ለመሆን 1,215 ያስፈልግ ነበር። ዴሞክራቶቹ ዘንድ ከመቶ 15 ያልደረሰ ፈላጊ በባዶ እጁ ይመለሳል፤ የደረሱት ልዑካኑን እንደ ድምፃቸው መጠን ይካፈላሉ። ሪፐብሊካኖቹ ዘንድ ደግሞ አንዳንድ ግዛት አሸናፊው ጠቅልሎ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከመቶ 35 ድምፅ በአንዱ ቤት ሲሶ ሽማግሌ፣ በሌላው ቤት ሁሉንም ሽማግሌ ሊያስገኝ ይችላል። (የልጅቷ ቤተሰብ ሽማግሌ ቆጥሮ እንደማይድር አውቃለሁ። ምሳሌው እዚህ ላይ ያነክሳል፤ ይታገሰኝ።)

ሽማግሌዎቹ መራጩን ሳይጠይቁ የሚያጩበት ዘመንም ነበር። በ1968 ሂዩበርት ሃምፍሪ በአንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ በቺካጎው ጉባኤ የዴሞክራቶች ዕጩ ሆኑ። አዳራሹ ውስጥ ጠብ፣ ውጭ ዱላ ነበር፤ በኅዳር በሪቻርድ ኒክሰን ተሸነፉ። ዛሬ የምናየው ቅድመ ምርጫ የሚገዛበት ሥርዓት ከዚያ ቁጣ የተወለደና ከ1972 ጀምሮ የሚሠራ ነው። እዚህ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከ1972 እስከ 2024 ያለው 14 ምርጫ ብቻ ነው። በ14 ክስተት ላይ «ሕግ» የሚያወጣ ሰው ተማሪዬ ቢሆን ወረቀቱን መልሼ እሰጠዋለሁ። «አዮዋን ያሸነፈ ይታጫል» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰማን? ማይክ ሃከቢ በ2008፣ ሪክ ሳንቶረም በ2012፣ ቴድ ክሩዝ በ2016 አዮዋን አሸንፈዋል። ሦስቱም አልታጩም።

ማመዛዘን አይገባም ማለቴ አይደለም። ፓርቲ ከአሁኑ ሰዎቹን ቢመዝን ደግ ነው፤ ሥራውም ነው። ሻፒሮ ፕሬዚዳንቱን በሚመርጠው የመራጮች ጉባኤ (ኤሌክቶራል ኮሌጅ) 19 ድምፅ ያላትን የፔንሲልቬኒያ ግዛት ያስተዳድራሉ ሲባል ክብደት ያለው ነገር ነው። ቫንስ ምክትል ፕሬዚዳንት መሆናቸው ዶናልድ ትራምፕ ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥን በሚከለክለው 22ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ምክንያት ዳግም ሊመረጡ በማይችሉበት ፓርቲ ውስጥ ከፊት ያስቆማቸዋል። ነገር ግን ከ1836ቱ ማርቲን ቫን ቡረን ወዲህ በምክትልነት ወንበር ላይ ሳሉ ተወዳድረው ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቁት በ1988 ጆርጅ ቡሽ አባትየው ብቻ ናቸው። ኒክሰን በ1960፣ ሃምፍሪ በ1968፣ አል ጎር በ2000፣ ሃሪስ በ2024 ታጭተው ሠርጉ ቀርቷል። ይህን ሁሉ አስቀምጦ መወያየት ይቻላል። ሚዛን ላይ ያለውን እህል ግን ተፈጭቷል አይሉትም።

«በ2024 ሃሪስ ያለ ቅድመ ምርጫ ታጭተው የለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ታጭተዋል፤ ያነሳሁትን ነጥብ የሚያጠናክረውም ይኸው ነው። ባይደን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ልዑካን ይዘው ነበር፤ ጋዜጦቻችንም ለወራት «ዕጩው ባይደን» ሲሉ ከረሙ። ሐምሌ 21 ከውድድሩ ሲወጡ ግን ጉባኤው ገና ስላልሰየማቸው የፈረሰ እጮኝነት አልነበረም። ሽማግሌው ደጅ ቆሞ ሳለ ፈላጊው «ትቼዋለሁ» አለ፤ ያው ሽማግሌ ለሃሪስ ቆመ። ስያሜው የተፈጸመው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ በርቀት በተሰጠ ድምፅ ነው። እውነተኛ የፈረሰ እጮኝነት ማየት የሚፈልግ የ1972ቱን ቶማስ ኢግልተንን ይመልከት፦ በጉባኤ ለምክትልነት ከተሰየሙ በኋላ ቀደም ሲል ለመንፈስ ጭንቀት መታከማቸው ሲታወቅ፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቀለበቱን መለሱ። ፓርቲው በምትካቸው ሰርጀንት ሽራይቨርን አጨ።

ይህ የአሜሪካ ብቻ ጣጣ እንዳይመስል፦ የጋናው አዲስ አርበኞች ፓርቲ በ2023 ነሐሴ ላይ አሥር ፈላጊዎችን በትንሽ ጉባኤ ወደ አምስት ካወረደ በኋላ ኅዳር ላይ በሰፊው የአባላት ድምፅ ማሐሙዱ ባውሚያን አጨ። በነሐሴ አንደኛ የወጡትም እሳቸው ነበሩ፤ ዕጩ የተባሉት ግን በኅዳር ነው።

እኛ ዘንድ ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የመንግሥትን ሥራ የሚመሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጥም። ስለዚህ አንድ ፓርቲ ለመራጭ የሚያቀርበውን ፕሬዚዳንት በአደባባይ ሲያጭ የማየት ልምድ የለንም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ሊቀመንበሩን ሲመርጥ 180 አባላት ያሉት ምክር ቤት በር ዘግቶ ነበር የተቀመጠው፤ እኛ ውጭ ሆነን ስም እየጠራን «ዕጩው እሱ ነው» ስንባባል ከረምን። የለመድነው የውጭውን ግምት ነው፤ የውስጡን አሠራር አይደለም።

ሆኖም ሕገ መንግሥታችን ቃሉን በቦታው አስቀምጦታል። በአንቀጽ 70 መሠረት ለርእሰ ብሔርነት ዕጩ የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ዕጩው ፕሬዚዳንት የሚሆነው በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያገኝ ነው። መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ የተመረጡት በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያ ቀን በፊት በየቡና ቤቱ ስማቸው ሲነሳ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ስማቸው የሚነሳ ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ሾፌሩን ትናንት አያት ላይ አገኘሁት። ሬዲዮው ተከፍቶ ነበር፤ እኔ ስገባ ግን ወደ ሙዚቃ ቀየረው።