የቶም እና ጄሪ ሦስት ዘመናት፦ ከሆሊውድ እስከ ፕራግ

አንድ ቀን ቶም እና ጄሪን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። የማን ሥራ እንደሆነ ከሥዕሉ በፊት ድምፁ ይነግራችኋል። ሙሉ ኦርኬስትራ ከድመቱ እግር እኩል እየሮጠ፣ እየተደናቀፈ፣ በደረጃ ላይ እየተንከባለለ ከሆነ የዊሊያም ሃና እና የጆሴፍ ባርቤራ ነው። ድምፁ ባዶ ጋን ውስጥ እንደተጣለ ቆርቆሮ የሚያስተጋባ ከሆነ የጂን ዳይች ነው። ዓይን መጨፈኑ ቀልዱን ያስመለጣችሁ ከመሰላችሁ ደግሞ የቻክ ጆንስ ሳይሆን አይቀርም። የእሱ ቀልድ ያለው ቶም ቅንድብ ላይ ነው።

በእነዚህ ሦስት ዘመናት ለሲኒማ ቤት 161 አጫጭር ፊልሞች ተሠርተዋል። 114ቱ ከ1940 እስከ 1958 የወጡት የሃና እና ባርቤራ ናቸው። 13ቱ በ1961 እና በ1962 የወጡት የዳይች ናቸው። የቀሩት 34 ከ1963 እስከ 1967 በጆንስ ስቱዲዮ ተሠሩ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሁሉንም ያወጣው የሆሊውዱ ፊልም ስቱዲዮ ኤምጂኤም ነው።

ልጅ ሳለን ይህን ሁሉ ማን ያውቃል። ጎረቤት ቤት ተሰብስበን እናያለን፣ እንስቃለን፣ አለቀ። እንግሊዝኛ አለማወቃችን ምንም አላጎደለብንም፤ ሁለቱ መቼ ያወሩና። ጄሪ ወንድ መሆኑን እንኳ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በአማርኛ አይጥ "እሷ" ናትና እኛ ሰፈር ጄሪን ሁሉም በሴት ነበር የሚጠራው። ግን አንዳንዱ ክፍል "ይሄ ደግሞ ምን ሆኗል?" የሚያሰኝ ነገር ነበረው። መልኩ ያው፣ ሩጫው ያው፣ ስሜቱ ሌላ። ለካ ሰዎቹ ሌሎች ኖረዋል።

የመጀመሪያው ፊልም "ፑስ ጌትስ ዘ ቡት" የካቲት ወር 1940 ወጣ። ድመቱ ቶም አልነበረም፤ ጃስፐር ነበር። አይጡ ፊልሙ ላይ ጭራሽ ስም የለውም። ታሪኩ ቀላል ነው። የቤት ሠራተኛዋ ድመቱን "አንድ ዕቃ ብትሰብር ከቤት ትወጣለህ" ትለዋለች። አይጡ ይህን ይሰማል። ከዚያ በኋላ ብርጭቆ ይዞ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይቆማል። ድመቱ ባለበት ድርቅ ይላል። ያ ሁሉ ጥርስና ጥፍር አንዲት ብርጭቆ ፊት ዋጋ ያጣል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚለው ተረታችን ለዚህች ትዕይንት የተተረተ ነው የሚመስለው።

ፊልሙ ተወደደ፣ ለኦስካርም ታጨ። ተከታታይ ይሁን ሲባል ስም ተፈለገ። ስቱዲዮው ሠራተኞቹን አወዳደረና ጆን ካር የሚባል አኒሜተር "ቶም እና ጄሪ" ብሎ 50 ዶላር ወሰደ። ሁለቱ በእነዚህ ስሞች የወጡት በ1941 ነው።

ሃና እና ባርቤራ ሥራውን የተካፈሉበት መንገድ የፊልሞቹ ምስጢር ይመስለኛል። ባርቤራ ፈጣን ሠዓሊ ነበር። ታሪኩንና ቀልዱን በተከታታይ ንድፍ የሚያወርደው እሱ ነው። ሃና ደግሞ የጊዜ ሰው ነው። ሙዚቃ ያውቃል። አንድ ምጣድ ስንት ፍሬም (የፊልም ነጠላ ሥዕል) ላይ ጭንቅላት መምታት እንዳለበት ይቆጥራል። በዚያ ላይ የሙዚቃ ደራሲው ስኮት ብራድሊ አለ። ብራድሊ ጃዝን፣ የታወቁ ዘፈኖችንና ክላሲካልን ይቀላቅላል። በዘመኑ እጅግ አዲስ የነበረውን ባለ አሥራ ሁለት ቃና የአቀናበር ስልት እንኳ አይጥና ድመት ሲሯሯጡ ተጠቅሞበታል። ያ የቶም ዝነኛ እሪታስ? የራሱ የሃና ድምፅ ነው።

መጀመሪያ ላይ ፊልሞቹ ዝግ ያሉ ነበሩ። ቶም ፀጉሩ የበዛ፣ በአራት እግሩ የሚሄድ፣ የእውነት ድመት የሚመስል ነበር። ሌላው የካርቱን ዳይሬክተር ቴክስ ኤቨሪ ኤምጂኤም ገብቶ የራሱን ያበደ ፍጥነት ሲያመጣ ግን ሃና እና ባርቤራም ማርሽ ቀየሩ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ቶም በሁለት እግሩ ቆመ፣ መስመሩ ቀለለ፣ ሩጫው ጦፈ።

የዚህን ዘመን ጫፍ ማየት የፈለገ "ዘ ካት ኮንሰርቶ"ን ይክፈት። ቶም ሙሉ ልብስ ለብሶ ፒያኖ ፊት ይቀመጣል። የሙዚቃ ደራሲውን የሊስትን ሁለተኛውን የሃንጋሪ ራፕሶዲ መጫወት ይጀምራል። ጄሪ ፒያኖው ውስጥ ተኝቷል፤ መዶሻዎቹ ከስር እያነሱ ያፈርጡታል። ይነቃል፣ ይናደዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጦርነት ነው፤ ግን ቶም አንዴም ሙዚቃውን ሊያቋርጥ አይችልም። ተመልካች ፊት ነዋ! ጄሪ ከፒያኖው ቁልፎች አንዱን ነቅሎ በቦታው የአይጥ ወጥመድ ያስቀምጣል። የቶም ጣት ከወጥመዱ ግራና ቀኝ ሲመታ፣ ሲመታ፣ እናንተ ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ። ቷ! ብሎ ጣቱን ሲይዘው ድምፁ እንኳ ከዜማው አልወጣም። መጨረሻ ላይ ቶም ልብሱ ተቀዳዶ ፒያኖው ላይ ይዘረራል፤ ጭብጨባውን ጄሪ ይወስዳል። ለእኔ ከ161ዱ አንደኛው ይህ ነው።

ይህ ፊልም ሃና እና ባርቤራ ካገኟቸው ሰባት ኦስካሮች አንዱን አምጥቷል። የመጀመሪያው ኦስካር በ1943 የወጣው "ያንኪ ዱድል ማውስ" ነበር፤ የመጨረሻው "ዮሃን ማውስ"። ሽልማቱን መድረክ ወጥቶ የሚቀበለው ግን ፕሮዲዩሰሩ ፍሬድ ኩዊምቢ ነበር። ሁለቱ ዳይሬክተሮች ወንበራቸው ላይ ሆነው ማጨብጨብ ነው።

ይህን ዘመን ስናደንቅ የሚጎረብጠውን መዝለል አይገባም። የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ላይ ከወገብ በታች ብቻ የምትታየው ጥቁር የቤት ሠራተኛ የአሜሪካን የዘር ንቀት ይዛ ነው የመጣችው። አነጋገሯም አለባበሷም ነጮች ጥቁር ሴትን ሊያዩ በሚፈልጉበት መልክ የተሠራ ነበር። ድምፁን የሰጠችው ጥቁር ተዋናይት ሊሊያን ራንዶልፍ ናት። በዘመኑም የጥቁሮች መብት ታጋዮች ተቃውመውታል፤ ከ1952 በኋላ ገጸ ባሕሪዋ አልታየችም። በ1960ዎቹ ለቴሌቪዥን ሲባል ትዕይንቶቿ በነጭ ሠራተኛ ተተክተው ድምፁ እንደገና ተቀዳ። ፊት እየጠቆረ በጥቁር ሰው መልክ የሚቀለድባቸው ሌሎች ትዕይንቶችም ነበሩ። ለልጆቹ የሚያሳይ ወላጅ ይህን አውቆ ቢያሳይ ደግ ነው።

ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነገሩ ቀዘቀዘ። ሰው ቴሌቪዥን ገዝቶ ቤቱ ተቀመጠ። ኩዊምቢ በ1955 ጡረታ ወጣ። ሰፊው ስክሪን መጣ፣ ጀርባው ሥዕል ባዶ ባዶ ሆነ። በ1956 የወጣው "ብሉ ካት ብሉስ" ላይ ቶም በፍቅር ተጎድቶ ባቡር ሀዲድ ላይ ይቀመጣል። ጄሪም መጨረሻ ላይ አጠገቡ ሄዶ ይቀመጣል። የባቡሩ ጡሩምባ ይሰማል፤ ፊልሙ ያልቃል። ልጅ ሆኜ ሳየው ሳቅ የሚመጣበትን ስጠብቅ አለቀብኝ። ዛሬም ሳየው ከብዶኝ ነው የምነሳው።

በ1957 ኤምጂኤም ካርቱን ክፍሉን ዘጋ። የድሮዎቹን እንደገና ማሳየት አዲስ ከመሥራት የማይተናነስ ገንዘብ ያመጣል ተብሎ ነው። ሃና እና ባርቤራ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው ወደ ቴሌቪዥን ሄዱ።

አሁን ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ዋና ከተማ፣ ወደ ፕራግ። በ1961 ኤምጂኤም አዳዲስ ክፍሎች ፈለገ፣ ግን በርካሽ። ዊሊያም ስናይደር የሚባል ፕሮዲዩሰር ሥራውን ወስዶ ለጂን ዳይች ሰጠው። ዳይች አሜሪካዊ ነው። በ1959 ለአጭር ጊዜ ብሎ ፕራግ ሄዶ ዝደንካ ከምትባል የስቱዲዮ ባልደረባ ጋር ፍቅር ያዘውና እዚያው ቀረ። እዚያው ሆኖ የሠራው "ማንሮ" ከአሜሪካ ውጭ ተሠርቶ ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው ካርቱን ነው። ሰውየው ተራ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ግን ለአንድ ፊልም የተሰጠው 10,000 ዶላር ነበር። የቼኮዝሎቫኪያ አኒሜተሮቹ ቶም እና ጄሪን ከዚያ በፊት የሚያውቁት አልነበሩም፤ እያዩ የሚማሩበትም ጥቂት የድሮ ፊልም ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ዳይች ራሱ ቶም እና ጄሪን ቀድሞ የማይወድ ሰው ነው። ዱላው ይበዛል ባይ ነበር። ዘመኑም የቀዝቃዛው ጦርነት ነው። የፊልሙ መጨረሻ ላይ የት እንደተሠራ አልተጻፈም። የቼኮቹ ስም ሳይቀር እንግሊዝኛ እንዲመስል ተለውጧል፤ ቫስላቭ ሊድል የተባለው የሙዚቃ ሰው "ቪክቶር ሊትል" ተብሎ ተጽፏል።

ውጤቱ የምታውቁት ነው። እንቅስቃሴው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቦታው ጭር ያለ ነው። የድምፅ ሥራው የቶድ ዶክስታደር ነው። ዶክስታደር የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰው ስለሆነ አንዲት ጥፊ እንኳ ከሌላ ዓለም የመጣች ትመስላለች። በሦስት ክፍሎች የሚታየው ወፍራም የቶም ጌታ ደግሞ ሲናደድ ፊቱ ቲማቲም ይመስላል። "ሃይ ስቴክስ" ላይ ሥጋ እየጠበሰ ጄሪ ላደረገው ሁሉ ቶምን ይቀጣል። እዚህ ላይ ነው ሳቁ የሚሞተው። በሃና እና ባርቤራ ዘመን ቶም ሲመታ "የእጁን አገኘ" እንላለን። እዚህ ግን የተናደደ ሰው አቅመ ቢስ እንስሳ ሲደበድብ ነው የምናየው።

ሆኖም ብዙ ሰው ዳይችን የሚሰድበውን ያህል እኔ ልሰድበው አልችልም። የመጨረሻው ፊልም "ካርመን ጌት ኢት" ኦፔራ ቤት ውስጥ ነው የሚሆነው። መድረኩ ላይ "ካርመን" ይዘፈናል፣ ከስር ቶም ጄሪን ያሳድዳል። ከ"ዘ ካት ኮንሰርቶ" ጋር አታስተካክሉት፤ የቶም ጣትና ሙዚቃው እዚህ ተፈላልገው አይገናኙም። ግን የራሱ የሆነ የሚያባንን፣ ሕልም የሚመስል ነገር አለው። በዚያ ገንዘብ፣ በዚያ ጥድፊያ፣ ስማቸው ተደብቆ የሠሩ ሰዎች ናቸው። ያቺን እንግዳ ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አልረሳኋትም። ዳይች በ2020 በ95 ዓመቱ እዚያው ፕራግ አረፈ።

ቻክ ጆንስ ሲመጣ ብሩም ሥዕሉም ተመለሰ። ጆንስ ዋርነር ብራዘርስ የሚባለው ስቱዲዮ ቤት ያደገ፣ ሮድ ራነር የሚባለውን ሯጭ ወፍና የሚያሳድደውን ኮዮቴ የፈጠረ ሰው ነው። ከዋርነር ሲለያይ ከባልደረባው ከሌስ ጎልድማን ጋር አዲስ ስቱዲዮ ከፈተ፤ ኤምጂኤምም ቶም እና ጄሪን ሰጠው። መግቢያው ገና የማን እንደሆነ ይናገራል። የኤምጂኤም አንበሳ ያገሳና ቦታውን ለቶም ይለቃል፤ ቶም ያለቅሳል፣ ያንቧርቃል።

የጆንስ ቶም ቅንድቡ ወፈረ። ጄሪ ዓይኑም ጆሮውም ገዘፈ፣ ቆንጆ ሆነ። የሞሪስ ኖብል የጀርባ ሥዕሎች ለብቻቸው ግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ ያምራሉ። ችግሩ ሌላ ነው። የጆንስ ቶም እንደ ኮዮቴው ያስባል። ያቅዳል፣ ይፈርስበታል፣ ወደ ተመልካች ዞሮ ያያል። ጄሪ ደግሞ በጣም ጨዋ ስለሆነ የሚቆጣበት ምክንያት ያጣል። ሃና እና ባርቤራ ጋ ጥላቻው የሁለቱም ነበር፤ ለዚህ ነው ወዳጅነታቸውም የሚጥመው። ጆንስ ራሱ ገጸ ባሕሪያቱን እንደ ፈጣሪዎቻቸው እንደማያውቃቸው አልደበቀም።

ግን "ዘ ካት አበቭ ኤንድ ዘ ማውስ ቢሎው"ን እዩልኝ። ቶም የኦፔራ ዘፋኝ ነው። ከሮሲኒ ኦፔራ "የሴቪሊያው ፀጉር አስተካካይ" ይዘፍናል። ጄሪ ከመድረኩ ወለል ስር ተኝቷል። አጽሙ የ"ዘ ካት ኮንሰርቶ" ነው፤ ሥጋው የጆንስ። ቶም ድምፁን ሲለቀው የአገጩን አቀማመጥ፣ ዓይኑን ከድኖ ራሱን ሲያደንቅ ተመልከቱ። ሃና እዚህ ቢኖር ጊዜውን ይቆጥር ነበር። ጆንስ ግን ፊቱን ያያል።

ከ1967 በኋላ ያለው በአብዛኛው የቴሌቪዥን ታሪክ ነው። በ1975 ሃና እና ባርቤራ ራሳቸው ሲመለሱ፣ በልጆች ፕሮግራም ላይ ዱላ አይታይም ስለተባለ፣ ቶም እና ጄሪ ጓደኛ ሆነው አብረው መጓዝ ጀመሩ። ጄሪ ቀይ ቢራቢሮ ከረባት አሠረ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እንላለን፤ ይህች ድመት ግን አመሏን ረስታ ቁጭ አለች። ማንም አልወደደውም ማለት አልችልም፤ እኔ ግን አምስት ደቂቃ አልቆየሁበትም። በ1992ቱ ረጅም ፊልም ደግሞ ይነጋገራሉ፣ ይዘፍናሉ። እሱን ይለፈን።

ሃና በ2001 አረፈ። ባርቤራ በ94 ዓመቱ፣ በ2005፣ ለአንድ የመጨረሻ አጭር ፊልም ተመልሶ "ዘ ካራቴ ጋርድ"ን ሠራ፤ በዓመቱ እሱም ሞተ። በ2021 አዲሱ የሲኒማ ፊልም ሲወጣ ሥዕሉን ኮምፒውተር ሠርቶታል፣ ዙሪያቸው ያሉት የእውነት ሰዎች ናቸው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ለቶም ድምፅ ከተጠቀሙባቸው መካከል ሃና በሕይወት ሳለ የቀዳቸው የድሮ ቅጂዎች አሉበት።