የዘረመል ብዝኃነት ምንድን ነው? ከብት የሚግጠው ኦቾሎኒ ታሪክ

ሱሉልታ ላይ ድርቆሽ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እጁን እስሩ ውስጥ ከትቶ አንድ ጭብጥ ይመዛል። የሚፈልገው ማገጥን ነው፤ ያቺን ቅጠሏ ሦስት ሦስት የሆነች የሜዳ ተክል። ማገጥ ያለበት ድርቆሽ ለወተት ጥሩ ነው። የጥራጥሬ ወገን ስለሆነች ፕሮቲን አላት።

ኦቾሎኒም የዚያው ወገን ነው። እኛ የምናውቀው ከባቢሌ መጥቶ ከቆሎ ጋር የሚደባለቀውን ነው። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ግን ከብራዚል እስከ አርጀንቲና ከ80 የማያንሱ የዱር ዘመዶች አሉት። አንዳንዶቹ መሬት ለመሬት እየተሳቡ ያድጋሉ። ከብት ቢግጣቸውም ቢረግጣቸውም መልሰው ያቆጠቁጣሉ። ግሩም መኖ ናቸው።

የዘረመል ብዝኃነት ማለት በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉ ተክሎች ከወላጆቻቸው የወረሱት ነገር ምን ያህል ይለያያል ማለት ነው። አንዱ ድርቅ ይችላል፣ ሌላው በሽታ ይቋቋማል። ብዛት ሌላ፣ ብዝኃነት ሌላ! አንድ ሄክታር ሙሉ ተክል የአንድ እናት ልጆች ብቻ ሊሆን ይችላል።

የስም ብዛትም ያሳስታል። አራኪስ ፒንቶይ የሚባለውን የዱር ኦቾሎኒ ጄራልዶ ፒንቶ የተባለ ብራዚላዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሂያ በተባለው የብራዚል ግዛት ውስጥ ሰበሰበው። ከዚያ ናሙና የተገኘውን ዘር አውስትራሊያ በ1987 «አማሪሎ» ብላ ለገበሬ አቀረበችው። በኋላ ኮሎምቢያና ኮስታሪካ ያንኑ ዘር በሌላ በሌላ ስም አወጡት። ስሙ ሦስት፣ ዘሩ አንድ።

እና ብዝኃነቱ የት ነው ያለው? ትውልድ አገሩ፣ ሸለቆ ለሸለቆ ተበትኖ። ኦቾሎኒ አበባው ከረገፈ በኋላ እንደ መርፌ የቀጠነ ዘንግ ወደ አፈር ይሰድና ፍሬውን እዚያው ያበስላል። ነፋስ አይወስደውም። ጎርፍ ካልጠረገው በቀር ልጁ የሚበቅለው እናቱ እግር ሥር ነው። ስለዚህ የወዲህኛው ሸለቆ ተክል ከወዲያኛው ጋር ሳይገናኝ ስንትና ስንት ትውልድ ያልፋል። እየቆየም ይለያያል። ዘር ሰብሳቢ ከአንድ ቦታ ጆንያ ሙሉ ከሚያፍስ ከብዙ ቦታ እፍኝ እፍኝ ቢለቅም የሚሻለው ለዚህ ነው።

የምንበላው ኦቾሎኒ ግን በዚህ በኩል ድሃ ነው። ሁለት የዱር ዝርያዎች ተዳቅለው፣ ክሮሞዞማቸው (ዘረመልን የሚሸከሙት በሕዋስ ውስጥ ያሉ ክሮች) በእጥፍ አድጎ 40 ሲሆን ተወለደ። ቁጥሩ ስለተለየ ከዚያ በኋላ ከዱር ዘመዶቹ ጋር እንደ ልቡ መዳቀል አልቻለም። ቅጠሉን በሽታ ሲመታው አዳቃዮች መድኃኒቱን ፍለጋ ወደ ዱሮቹ የሚመለሱት ወደው አይደለም።

ፒንቶይን ሱሉልታ ላይ ልዝራ ለሚል ግን አልመክርም። ሙቀት ወዳድ ነው፣ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ለኛ ደጋ ማገጥ አለችልን፤ እሷም ብዙ ዓይነት ናት። አዲስ አበባ ያለው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዘር ባንክ የማገጥ ዘሮችንም ያስቀምጣል። የቀረው ያለው ሜዳው ላይ ነው። ሜዳው ደግሞ በየዓመቱ እየታጠረ ቤት ይሠራበታል፣ ዘሩን ቀድሞ የለቀመለት ሰው ይኑር አይኑር ሳይጠየቅ።