ተጨማሪ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ምንድን ነው?

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚወጣ አውቶማቲክ መኪና ሰልፉ ውስጥ እየሄደ እየቆመ ዳገቱን ይገፋል። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መሃል ላይ ነው፤ አየሩም ቀዝቃዛ ነው፤ ሾፌሩ የሚጠረጥረው ነገር የለም። ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት ግን እየጋለ ነው። ይህን የሚናገር ጌጅ ደግሞ በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የለም። ተጨማሪ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ የሚገጠመው ለዚህ ለማይታየው ሙቀት ነው።

ዕቃው በራሱ ውስብስብ አይደለም፤ የዋናው ራዲያተር ታናሽ ወንድም ቢሉት ይሆናል። ከኤሲው ኮንደንሰር (ከራዲያተሩ ፊት ካለው የኤሲ ማቀዝቀዣ መረብ) ፊት ይታሰራል፤ የካምቢዮው ዘይት በአንድ ቱቦ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ በመካከሉ ነፋስ ያገኘዋል። ውሃ የሚባል ነገር አይነካውም።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ካልገባን ግን ዕቃውን ለምን እንደምንገዛው አይገባንም። ማኑዋል መኪና ላይ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው፤ ከያዘ ያዘ ነው። አውቶማቲክ ላይ በቦታው ያለው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። ውስጡ ሁለት ባለ ክንፍ መዘውሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከሞተሩ ጋር እየዞረ ዘይት ይወረውራል፣ ሌላው የተወረወረውን ተቀብሎ ካምቢዮውን ያዞራል። በሁለቱ መካከል የፍጥነት ልዩነት እስካለ ድረስ ዘይቱ ይናጣል፤ በመናጥ የጠፋው ጉልበት በሙሉ ሙቀት ይሆናል። መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለ መቆለፊያ ሁለቱን አንድ ላይ ያስራቸዋል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። በዝግታ ዳገት ሲወጣ ግን መቆለፊያው አይዝም።

ቁጥር እናስገባበት። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 6 በመቶ ዳገት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲወጣ ጎማው ላይ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ነው። ኮንቨርተሩ ከተቀበለው 70 በመቶውን ብቻ ካሳለፈ፣ 1.5 ኪሎ ዋት ያህሉ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። አንድ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ካምቢዮው ውስጥ እንደበራ መተው ማለት ነው። 6 ሊትር ዘይት ይህን ብቻውን ቢሸከም በየደቂቃው 9 ዲግሪ ገደማ ይጨምር ነበር፤ የሚያድነው የካምቢዮው ብረት ስለሚጋራውና የፋብሪካው ማቀዝቀዣ ስለሚያወጣለት ነው። ከዚህ የሚብሰው ዳገት ላይ ፍሬን ሳይዙ፣ ነዳጅ እየሰጡ መኪናውን አንጠልጥሎ ማቆም ነው። ጎማው ስለማይዞር ከሞተሩ የሚመጣው ኃይል አንዲት ሳትቀር ወደ ሙቀት ትለወጣለች። ይህን ልማድ መተው ብቻውን ለብዙ ካምቢዮዎች ዕድሜ ይጨምራል፤ ምንም ወጪ የለውም።

“አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ማቀዝቀዣ ለጅቡቲ መንገድ ነው” የሚለው አባባል ግማሹን ብቻ ያያል። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ሲያልፍ ይዞ የሚሄደው ሙቀትም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ቅዝቃዜው የሰጠንን የአየሩ መሳሳት መልሶ ይወስድብናል። በዚያ ላይ ሰልፍ ውስጥ የቆመ መኪና ነፋስ የሚያገኘው ከቬንቲላቶሩ ብቻ ነው።

ለካምቢዮ ዘይት ምቹ የሚባለው ሙቀት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። 120ን እያለፈ ሲደጋገም ዘይቱ መበላሸት፣ ቫልቮቹ ላይ እንደ ቫርኒሽ ያለ ሽፋን መጣል ይጀምራል፤ ቀጥሎ ጎማ ማኅተሞቹ ይደርቃሉ፤ ወደ 145 ሲጠጋ አውቶማቲክ ካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹን የሚይዙት ትንንሽ ፍሪሲዮኖች ይንሸራተታሉ፣ መንሸራተቱም ሌላ ሙቀት ይወልዳል። ባለሙያዎች የሚይዙት ግምት አለ፦ ከ80 ዲግሪ በላይ በየ11 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ግምት ነው፤ ግን አቅጣጫው ትክክል ነው።

መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣም ማቀዝቀዣ አለው። ብዙዎቹ ላይ ያለው ራዲያተሩ ታንክ ውስጥ የተቀበረ ቱቦ ነው፤ ዘይቱ በውስጡ ሲያልፍ ዙሪያውን ያለው የሞተር ውሃ ያቀዘቅዘዋል። ሁለት ድክመት አለው። አንደኛ፣ ውሃው ራሱ ሞቃት ስለሆነ ዘይቱን ከውሃው ሙቀት በታች ማውረድ አይችልም። ሁለተኛውና ለእኛ የሚያሰጋው፣ ኩላንት በመጨመር ፈንታ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ የተሞላ ራዲያተር ውስጡ ይዝጋል። አንድ ቀን ያ የተቀበረ ቱቦ ሲበሳ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ምልክቱ የማያሳስት ነው፦ የውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ወይም የካምቢዮው ዲፕስቲክ (የዘይት መለኪያ ዘንግ) ላይ ሮዝ ወተት የመሰለ አረፋ። የካምቢዮው ፍሪሲዮኖች ወረቀት መሰል ነገር በሙጫ ተጣብቆባቸው የተሠሩ ናቸው፤ ውሃ ካገኛቸው ይላጣሉ። ይህ ከታየ ሞተሩን አጥፍቶ መኪናውን በጭነት መውሰድ እንጂ እስከ ጋራዥ መንዳት አይገባም። ራዲያተሩ አርጅቶ ከሆነም ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ከመግጠም በፊት ራዲያተሩ ይቀየር።

ለየትኛው መኪና ይገጠማል? ቶርክ ኮንቨርተር ላለው፣ የዘይት መስመሩም ከካምቢዮው ወጥቶ ወደ ራዲያተሩ ለሚሄድ አውቶማቲክ። ሱዙኪ ኤጂኤስ የሚለው ሥርዓት ማኑዋል ካምቢዮ ሆኖ ፍሪሲዮኑን በሾፌሩ እግር ፈንታ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ መሣሪያ የሚረግጥለት ነው፤ ይህ ዕቃ አይመለከተውም። ሲቪቲ ካምቢዮዎችም (በጥርስ ማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠሩት) በዘይት ዓይነትና ብዙ ጊዜ በመስመር አሠራር ስለሚለዩ ለሞዴሉ የተሠራ ማገናኛ ካልተገኘ ባይነኩ ይሻላል። የቤት መኪና ሆኖ በሳምንት ሁለት ቀን ከካዛንቺስ አራት ኪሎ የሚመላለስ መኪናም አያስፈልገውም። ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ የሚያመላልስ፣ ዘወትር እንጦጦ የሚወጣ ወይም ጭኖ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የሚመለስ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለውን አውቶማቲክ ማቆየት ከቀድሞው ይበልጥ ዋጋ አለው።

ከመግዛት በፊት ይለኩ። ይህን አጥብቀን የምንለው ብዙ ሰው ዕቃውን የሚገዛው በፍርሃት ስለሆነ ነው። ከመሪው ሥር ያለው ኦቢዲ ሶኬት (የመኪናው መመርመሪያ ማገናኛ) ላይ የሚሰካ ትንሽ አስማሚና ስልክ ላይ የሚጫን አፕ በብዙ መኪኖች የካምቢዮ ዘይትን ሙቀት ያሳያሉ። መኪናው ይህን የማይሰጥ ከሆነ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ከካምቢዮው የሚወጣውን የብረት ቱቦ መለካት ይቻላል፤ የሚያብረቀርቅ ብረት ግን ለዚህ መሣሪያ ውሸት ይናገራል፣ ስለዚህ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፎ ቴፑ ላይ መለካት ነው። መኪናውን በሰልፍ ሰዓት ከለገሃር እስከ ፒያሳ፣ ወይም ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ይንዱ። ከ95 ካላለፈ ገንዘቡን ለአዲስ ዘይትና ፊልትሮ ያውሉት። 110ን ደጋግሞ ካለፈ ማቀዝቀዣው ቦታውን ያገኛል። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ማርሽ ሲቀይር የሚንሸራተት ወይም የሚመታ ከሆነ ግን ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው፤ የተበላ ፍሪሲዮንን ምንም ማቀዝቀዣ አይመልስም።

ሲገዙ ንጣፍ በንጣፍ የተደረደረውን ዓይነት ይምረጡ። ከተጠማዘዘ ቱቦ ከተሠራው ይልቅ በትንሽ ቦታ ብዙ ሙቀት ያወጣል፣ ጠዋት የወፈረ ዘይትም በቀላሉ ያልፍበታል። ትልቅ ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ላይ ከመጠን በላይ የቀዘቀዘ ዘይት መቆለፊያው እንዲዘገይና ነዳጅ እንዲበላ ያደርጋል። 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሚከፍት ቴርሞስታት ያለው ከተገኘ ይህ ጭንቀት ይቀራል።

አሮጌ ማቀዝቀዣ ከሶማሌ ተራ አይግዙ። ሌላ ብዙ ነገር እዚያ መግዛት ይቻላል፤ ይህን ግን አይደለም። ከተበላሸ ካምቢዮ የወጣ ማቀዝቀዣ ንጣፎቹ መካከል የብረት ብናኝ ይዟል፤ በነዳጅም በአየርም ቢታጠብ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ያ ብናኝ በመመለሻው መስመር ቀጥታ ወደ እርስዎ ካምቢዮ ይገባል።

ቱቦው ላይ ደግሞ ስስት አይሠራም። የነዳጅ ቱቦም የራዲያተር ቱቦም አይሆንም፤ ኤስኤኢ ጄ1532 የሚል የታተመበት፣ ለካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ የተሠራ መሆን አለበት። የውስጡ ስፋት ከብረት መስመሩ ውፍረት ጋር ይመሳሰል፤ የተለመደው 8 ወይም 9.5 ሚሊ ሜትር ነው።

ወደ ገጠማው። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የፊት ፓራውልት ይውረድ። መጀመሪያ የሚለየው የትኛው ቱቦ መውጫ፣ የትኛው መመለሻ እንደሆነ ነው። አንዱን ከራዲያተሩ ነቅለው ሁለቱንም ጫፎች ወደ ንጹሕ ጠርሙሶች ያስገቡ፤ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ረዳት ሰው ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያስነሳ። ከራዲያተሩ ወገን ከፈሰሰ የነቀሉት መመለሻውን ነው፤ ከካምቢዮው ወገን ከፈሰሰ መውጫውን። ሞተሩን ማቆየት የለም፤ ፖምፓው ካምቢዮውን በደቂቃዎች ውስጥ ያደርቀዋል።

አዲሱ ማቀዝቀዣ መመለሻው ላይ ይገባል፦ ከካምቢዮው ወደ ራዲያተሩ፣ ከራዲያተሩ ወደ አዲሱ፣ ከአዲሱ ወደ ካምቢዮው። እንዲህ ሲሆን ራዲያተሩ ዋናውን ሙቀት ይወስዳል፣ ጠዋት ደግሞ ዘይቱን ያሞቀዋል፤ አዲሱ የተረፈውን ያወርዳል።

ከብዙ ማቀዝቀዣዎች ጋር በኮንደንሰሩ ክንፎች መሃል ተሰክቶ የሚያስር የፕላስቲክ ማሰሪያ ይመጣል። አይጠቀሙበት። መንገዳችን ላይ ንዝረቱ ክንፎቹን ሲፈገፍግ ከርሞ ኮንደንሰሩን ይበሳል፣ የኤሲው ጋዝም ያልቃል። ጠፍጣፋ ብረት አጥፎ በሻሲው ፊት ተሸካሚ ላይ በቡሎን ማሰርና ከኮንደንሰሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ማራቅ ነው። የቱቦ መግቢያዎቹ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይዩ፤ ወደ ታች ከሆኑ አየር ውስጡ ይቀራል። ቦታው ቬንቲላቶሩ ከሚስብበት ፊት ለፊት ይሁን፤ ጥግ ላይ የተገፋ ማቀዝቀዣ ሰልፍ ውስጥ ምንም አይሠራም።

የብረት ቱቦ መቁረጥ ካስፈለገ በቱቦ መቁረጫ እንጂ በመጋዝ አይቆረጥም፤ ብናኙ ውስጥ ይገባል። የተቆረጠው ጫፍ በማስፊያ መሣሪያ ትንሽ እብጠት ይሠራለት፣ ለስላሳ ጫፍ ላይ የታሰረ ጎማ በግፊት ሊወልቅ ይችላልና። ጎማው ከእብጠቱ አልፎ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይግባ፣ ፋሻው (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበቱ) ከእብጠቱ ኋላ ይጥበቅ፤ ጎማውን እስኪቆርጠው ድረስ ግን አይደለም። ስለት ያለው ብረት አጠገብ በሚያልፍበት ሁሉ ጎማው ሌላ መከላከያ ጎማ ይልበስ፣ ከማርሚታው መስመርም ይራቅ።

ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ ከ0.3 እስከ 0.5 ሊትር ተጨማሪ ዘይት ይይዛሉ፤ ከፈሰሰው ጋር 2 ሊትር ማዘጋጀት ይበቃል። ዓይነቱ መጽሐፉ ወይም ዲፕስቲኩ የሚለው ነው፤ ቶዮታ ላይ ቲ-ፎርና ደብሊው ኤስ የሚባሉት ዘይቶች የተለያዩ ናቸው፣ “ቀይ ነው፣ ያው ነው” ተብሎ አይቀላቀልም። ዲፕስቲክ ላለው መኪና፣ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ተይዞ ማርሹ በሁሉም ቦታ አልፎ ወደ ፒ ሲመለስ “ሆት” በሚለው ምልክት መካከል ይነበባል። ዲፕስቲክ የሌላቸው ደብሊው ኤስ ካምቢዮዎች የሚለኩት ኮፓው (ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ላይ ባለው የትርፍ መፍሰሻ ነው፤ ለዚያ ዘይቱ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ መካከል መሆን አለበት፣ ትክክለኛው ቁጥር በየሞዴሉ ይለያል። የበዛ ዘይት ካነሰ ዘይት አይሻልም፦ የሚዞሩት ክፍሎች ይመቱትና አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይዝም።

ከገጠማው በኋላ ያንኑ ዳገት በዚያው ሰዓት ነድተው እንደገና ይለኩ። ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ከወረደ ሥራው ሠርቷል። ምንም ካልወረደ ቱቦው የታጠፈበት ቦታ ይፈለግ፣ ወይም አየር የማያገኝ ቦታ ተቀምጧል። ሳምንት ሳይሞላ ፋሻዎቹን በእጅ ዳስሶ እርጥበት ማየት፣ ከዚያ በየዘይት ቅያሪው መድገም ነው። ክረምት ሲወጣ ክንፎቹ ላይ የደረቀው ጭቃ በዝቅተኛ ግፊት ውሃ ከኋላ ወደ ፊት ይታጠብ፤ የመኪና እጥበት ቤት ጠንካራ ግፊት ክንፎቹን አጣጥፎ የአየሩን መንገድ ይዘጋል።