ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ ጭንቀትና ስርዓተ ነርቭ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፈሪ ስለሆነ ነው፤ ጠንከር ቢል ይለቀዋል»

እውነታው፦ በር ድው ሲል የሚያስፈነጥረው ነርቭ እንጂ ልፍስፍስነት አይደለም። አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ገና ሳናስብ አደጋ አለ ብሎ ይወስናል፤ አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይገተራል። «ያ አልፏል» ብሎ ማርገብ ያለበት የፊተኛው አንጎል በዚህ ሕመም ሥራው ይዳከማል። በጥቃት ጊዜ ደርቆ መቅረትም የነርቭ ምላሽ ነው። ስለዚህ «ለምን አልጮህሽም?» ብሎ መጠየቅ በደል ነው።

«በረጅሙ መተንፈስ ያድናል»

እውነታው፦ ያግዛል፤ አያድንም። ብዙዎች ደግሞ አየሩን በኃይል እየሳቡ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ያኔ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርድና ማዞርና የጣት መደንዘዝ ይመጣል፤ ሰውየው ይብሱን ይሸበራል። የሚሻለው ደረትን ሳይሞሉ በአፍንጫ 4 ሰከንድ አስገብቶ 6 ሰከንድ ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው። ይህ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። ስናስወጣ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ ነርቭ የልብን ምት ያዘገያል። ልምምዱ በሰላሙ ሰዓት ይሁን፤ ድንጋጤ ሲመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው ሰው አይሳካለትም። ትዝታው ብቅ ባለ ቁጥር በትንፋሽ የሚሸሽ ግን ለአንጎሉ «የተረፍኩት ስለተነፈስኩ ነው» እያለ ያስተምረዋል፤ ፍርሃቱም ባለበት ይቀራል።

«ማስታወስ ቁስሉን ያመረቅዘዋል»

እውነታው፦ ሕመሙን የሚያቆየው ሽሽቱ ነው። ትዝታን ደጋግሞ በመጋፈጥ የሚሰጠው ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይወስዳል፤ አንዱ ቀጠሮ 90 ደቂቃ ያህል ነው። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ የሆነውን አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ ይናገራል፤ ድምፁ ይቀዳል፤ እቤቱም ሆኖ በየቀኑ ያዳምጠዋል። ትልቁ ስህተት ፍርሃቱ ጣራ በነካበት ቅጽበት ማቋረጥ ነው። አሮጌው ፍርሃት አይፋቅም፤ አንጎል በላዩ ሌላ ትምህርት ይደርብበታል እንጂ። ስለዚህ በከባድ ውጥረት ጊዜ ቢያገረሽ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም። ይህ ሁሉ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ነው፤ ዘመድ በአደጋው ማግስት «ንገረን» እያለ ማስጨነቅ የለበትም።

«የማረጋጊያ ኪኒን ይበቃል»

እውነታው፦ ዳያዜፓም የተባለው ማረጋጊያ ለሰዓታት ያደነዝዛል፤ ሕመሙን አያክምም፣ ሱስም ያስይዛል። ለዚህ ሕመም የተፈቀዱት ሰርትራሊንና ፓሮክሰቲን የተባሉት የድብርት መድኃኒቶች ናቸው፤ ለውጣቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ዳያዜፓም ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት አያቁም፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣበት ስለሚችል በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀንስ።