ፕሬዠር ስዊች ምንድን ነው? የካምፐር ውሃ ፓምፕ ከመቀየራችሁ በፊት

ከባህር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ኮሶበር ላይ አደርን፣ መኪናው ሚኒባስ ሆኖ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ እቃ ማጠቢያና የውሃ ታንከር የተገጠመለት ነው፣ ካምፐር ሚሉት። ሌሊቱን ሙሉ ማንም ቧንቧ ሳይነካ ፓምፑ ትርር ይልና ያቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ ደሞ ትርር። ጠዋት መለዋወጫ ስለነበረን ልቀይረው ተነሳሁ፣ ዝም ስላለም ጠፍቷል ብዬ የመውጫውን ፋሸታ፣ ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘውን ቀለበት፣ በካቻቢቴ አላላሁት። ቱቦው ከፓምፑ አፍ ተስፈንጥሮ ወጣ፣ ውሃው በጆሮዬ ስር አልፎ ጎን ያለው ባትሪ ላይ ፈሰሰ፣ በዛው ቅፅበት ፓምፑ በራሱ ተነስቶ ይጮህ ጀመር። ደግነቱ ባትሪው ሽፋን ነበረው።

ያን ያደረገችው ፕሬዠር ስዊች ናት። የግፊት ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው፣ ፓምፑ ጭንቅላት ላይ የተለጠፈች አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ሳጥን፣ ሁለት ሽቦ የሚገባባት። ውስጧ ስስ ጎማ፣ ስፕሪንግና ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝ ኮንታክት አለ። ቧንቧ ስትዘጉ ውሃው መሄጃ ያጣል፣ ግፊቱ እያደገ ጎማውን ይገፋል፣ ስፕሪንጉን ሲያሸንፈው ኮንታክቱ ይላቀቅና ሞተሩ ይቆማል። ስትከፍቱ ግፊቱ ይወርዳል፣ ስፕሪንጉ ኮንታክቱን መልሶ ያገናኘዋል፣ ሞተሩ ይነሳል። አብዛኞቹ ባለ 12 ቮልት ፓምፖች ከ2.5 እስከ 4 ባር ባለው መሀል ያቆማሉ፣ 1 ባር ገደማ ሲቀንስ ደሞ ይነሳሉ። 1 ባር ማለት 10 ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሮቶ የሚሰጣችሁ ግፊት ነው፣ ስለዚ 3 ባር ላይ ያቆመ ፓምፕ 30 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ሮቶ የመጣ ያህል ግፊት ያለው ውሃ ቱቦው ውስጥ አፍኖ ይዟል ማለት ነው።

እና ዝም ያለ ፓምፕ ጠፋ ማለት አይደለም፣ እየጠበቀ ነው። ኤሌክትሪኩ ስዊቿ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ቆሟል፣ ውሃውም ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከሚያግደው የፓምፑ ቫልቭ እስከ ቧንቧው ድረስ ተጨንቆ ተቀምጧል፣ ለሰዓታትም ላይወርድ ይችላል። እንዲያውም ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ሙቀቱ የታፈነውን ውሃ ያሰፋዋል፣ ግፊቱ ፓምፑ ካቆመበትም በላይ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ነው የሚቆረጠው። የውጭ መብራት ከተሰካ ንቀሉ፣ ሶላር ካለ እሱንም ከባትሪው በፊት ለዩት፣ ውሃ ማሞቂያውን አጥፍታችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ከዛ ከባትሪው ኔጌቲቩን አስቀድማችሁ ፍቱ። ለምን ኔጌቲቩን? ምክንያቱም የመኪናው ቦዲ ራሱ ኔጌቲቭ ነው፣ ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ ቁልፉ ብረት ከነካ ሾርት ያደርጋል። 12 ቮልት ሰው አይዝም ሲባል እውነት ነው፣ ግን ባትሪው በአንዴ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል፣ ቁልፉን በእጃችሁ ላይ ያግለዋል፣ ሽቦ አቅልጦ እሳት ያስነሳል። ከዛ በኋላ ቀዝቃዛውንም ሙቁንም ቧንቧ ክፈቱና ግፊቱ እስኪያልቅ ተዉት። ከታንከሩ የሚመጣውን ቫልቭ ዝጉ፣ ቫልቭ ከሌለው ታንከሩን አፍስሱ። ፋሸታ መንካት የሚቻለው ይሄ ሁሉ ካለቀ ነው፣ ያኔም ከስሩ ጨርቅ አንጥፋችሁ።

ሲገጠም ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማጥበቅ ላይ ነው። መጋጠሚያው ፕላስቲክ ስለሆነ በእጅ ይበቃዋል፣ ጎማ ቀለበት ያለው ላይ ቴፍሎን አትጠምጥሙ፣ ቀለበቱ በደንብ እንዳይቀመጥ ያደርገዋል። ከስር ያሉትን የጎማ እግሮችም በብሎን አታፍኗቸው፣ ንዝረቱን የሚውጡት እነሱ ናቸው። ፓምፑ ላይ ያለው ቀስት ውሃው የሚሄድበትን ያሳያል፣ ወንፊቷ ደሞ በመግቢያው በኩል ትሁን፣ ካለሷ ከታንከሩ የመጣ ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ቫልቩ ላይ ቁጭ ይላል። ፊውዝ በተመለከተ ፓምፑ ላይ የተፃፈውን አምፔር ብቻ፤ ፊውዙ ተቃጠለ ብሎ ከፍ ያለ መክተት ወይም በሽቦ ማያያዝ በጣም አደገኛ ነው፣ ሰው የሚተኛበት መኪና እኮ ነው።

ባትሪው ሲመለስ መጀመሪያ ፖዘቲቩ፣ ኔጌቲቩ መጨረሻ። ቧንቧዎቹ ክፍት ሆነው ፓምፑን አስነሱት፣ ሲተፋ አትደንግጡ፣ አየሩ ነው። ውሃው ሲስተካከል አንድ በአንድ ዝጉና ፓምፑ ሲቆም በየመጋጠሚያው ደረቅ ሶፍት አዙሩበት፣ አይን ያላየውን ጠብታ ሶፍት ያሳያል። ከዛ ለ100 ሊትር ውሃ 100 ሚሊ ሊትር 5 ፐርሰንት የሆነ ሽቶ ያልተጨመረበት ተራ በረኪና ጨምራችሁ በቧንቧዎቹ ሁሉ እስኪመጣ ልቀቁት፣ 4 ሰዓት አቆዩት፣ ከዛ ሽታው እስኪጠፋ በንፁህ ውሃ እጠቡት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የታንከሩን መተንፈሻ እዩ። ደጀን ላይ ጠጥታችሁ ክዳኑን ያጠበቃችሁት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ዓባይ ድልድይ ስትደርሱ ጭምድድ ብሎ ታገኙታላችሁ አይደል? መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ የውጭው አየር ይከብድና ነው። መተንፈሻው በአቧራ የተደፈነ ታንከርም እንደዛው ይጨመደዳል፣ ፓምፑም ለመሳብ ይቸገራል፣ ሰው ደሞ ፓምፑ ደከመ ብሎ ይቀይራል።

ሌሊት ትርር ማለቱስ? ቧንቧ ሳይከፈት ከተነሳ ግፊቱ በሆነ በኩል እያመለጠ ነው፣ ወይ የፓምፑ ቫልቭ ወደ ኋላ ይለቃል ወይ የሆነ ቦታ ይንጠባጠባል። ኮሶበር ላይ አዲሱን ገጥሜ ስጨርስ እሱም ትርር አለ። ከማጠቢያው ስር ገብቼ ሶፍት ሳዞር ግድግዳው ጋር ያለችው መጋጠሚያ ረጥባለች፣ ጎማ ቀለበቷ ተሰንጥቃ። እሷን ስቀይር ዝም አለ። አሮጌውን ፓምፕ አጥቤ ለመለዋወጫ አስቀመጥኩት፣ ምንም አልነበረበትም።